ሚዛኑ ቆሟል፣ ምግብ ልቀንስ?

ጥያቄ፦ «34 ዓመቴ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ከአሥር ሳምንት በፊት 78 ኪሎ ሆኜ ስፖርት ጀመርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት 4 ኪሎ ቀነስኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ሚዛኑ 74 ላይ ተገትሮ ቀረ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን አንዴ ብቻ ነው የምበላው፤ ቅዳሜና እሁድ እንደ ሰው እበላለሁ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ለአንድ ሰዓት ትሬድሚል ላይ እራመዳለሁ፤ ከዚያ 200 ሲት አፕ እሠራለሁ። እንዲያልበኝ ሆዴን በላስቲክ እጠቀልላለሁ። ሱሪዬ ላላ ብሎኛል፤ የታችኛው ቦርጬ ግን ያው ነው። የወር አበባዬም ባለፉት ሁለት ወራት ተዛብቷል። ጂም ውስጥ ያሉ ሰዎች ‹ሜታቦሊዝምሽ ሞቷል› ይሉኛል። ክብደት ላነሳ ስል ደግሞ ወንድ እንዳያስመስለኝ፣ ካቆምኩም ጡንቻው ወደ ስብ እንዳይቀየር እፈራለሁ። ምግቡን ከዚህ በላይ ልቀንስ ወይስ ስፖርቱን ልጨምር?»

ምላሽ፦ ምግቡን ከዚህ በላይ አይቀንሱ። የስፖርቱንም ሰዓት አያርዝሙ። በሳምንቱ ሰባቱም ቀን ተቀራራቢ መጠን ይብሉ፤ 200 ሲት አፑን ትተው ክብደት ማንሳት ይጀምሩ። ላስቲኩን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ለምን እንደሆነ አስረዳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን በጥያቄዎ መሃል ሸጎጥ ያደረጓት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። እኔን ያሳሰበችኝ እሷ ናት።

የወር አበባ መዛባት እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ። እርግዝና ካልሆነ ዋናው ተጠርጣሪ ረሃብ ነው። የሚገባው ጉልበት የሚወጣውን አልሸፍን ሲል፣ ሰውነት ለዕለት ሕይወት የማያስፈልጉ ሥራዎችን ቀስ እያለ ያቀዘቅዛል። ቶሎ ከሚነኩት አንዱ የመራቢያ ሥርዓቱ ነው። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል እንቁላል እንዲዘጋጅ የሚሰጠውን ትእዛዝ ይቀንሳል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይወርዳል። ኤስትሮጅን ደግሞ የአጥንት ጠባቂ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከጎደለ አጥንት ይሳሳል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን የጉልበት እጥረት ራሱን የቻለ የጤና ችግር አድርጎ ስም የሰጠው በምክንያት ነው። ችግሩ ቀጫጭን ሯጮች ላይ ብቻ የሚመጣም አይደለም። 74 ኪሎ የምትመዝን ሴትም ብዙ እየሠራች ትንሽ ከበላች ሊያገኛት ይችላል። ወፈር ማለት ከዚህ አያድንም።

የታይሮይድ ዕጢ ችግርና ሌሎች የሆርሞን መዛባቶችም ይህንኑ ምልክት ያመጣሉ። ስለዚህ አመጋገብዎን አስተካክለው በሚቀጥለው ወር ካልተመለሰ፣ ወይም ሦስት ወር ሙሉ ከጠፋ፣ ሐኪም ዘንድ ሄደው ደምዎ ይመርመር። እስከዚያው ድረስ «ትንሽ ልራብና ቦርጩ ይሂድ» የሚለው ሐሳብ ከጠረጴዛው ይነሳ።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። በሦስት ሳምንት የወረደው 4 ኪሎ ሁሉ ስብ አይደለም። ሰውነት ስኳርን ግላይኮጅን በሚባል መልክ ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያከማቻል። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ግማሽ ኪሎ ያህል ይገኛል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ምግብ በድንገት ሲቀነስ ይህ ክምችት ይሟጠጣል፣ ውሃውም አብሮ በሽንት ይወጣል። ክምችቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ ይህ ብቻውን 2 ኪሎ ይሆናል። አንጀት ውስጥ የሚቀመጠው ምግብም ስለሚያንስ ሚዛኑ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውን የሚያስፈነድቁት ለዚህ ነው፤ አራተኛው ሳምንት ላይ ሰውን የሚያስከፋውም ይኸው ነው። ያ ፍጥነት መጀመሪያውኑ የስብ ፍጥነት አልነበረም።

ከዚያስ ለምን ቆመ? አንዱ ምክንያት አሁንም ውሃ ነው፤ በተቃራኒው አቅጣጫ። አዲስ ስፖርት የጀመረ ጡንቻ ይጎዳል፣ ይጠገናል፣ በጥገናው ጊዜ ውሃ ይይዛል። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ ብዙ ሴቶች ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ውሃ ይቋጥራሉ። የእርስዎ ወር ደግሞ ስለተዛባ ይህ ውሃ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። በእነዚህ ሳምንታት አንድ ኪሎ ስብ ቀንሰው ቢሆን እንኳ ሚዛኑ ሊደብቀው ይችላል። ሱሪዎ ላላ ማለቱን ራስዎ ጽፈዋል። ሱሪ ውሸት አይናገርም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጥ ይከብዳል፤ እሱም «እንደ ሰው እበላለሁ» ያሉት ቅዳሜና እሁድ ነው። ቁጥሩን አብረን እንየው። በእርስዎ ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት ያለች ሴት ቀኑን ሙሉ ብትተኛ እንኳ ሰውነቷ በግምት 1,400 ካሎሪ ያቃጥላል። ሥራውና እርምጃው ሲጨመር ወደ 2,000 ይጠጋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 1,300 ያህል በሉ እንበል። በየቀኑ 700 ጎደለ፤ በአምስት ቀን 3,500። አምስት ቀን የተራበ ሰው ደግሞ ቅዳሜ ማለዳ ሲነሳ የሚመርጠው ቅባትና ጣፋጭ ነው። በሁለቱ ቀናት በየቀኑ 1,500 ካሎሪ ትርፍ መብላት ለተራበ ሰው ምንም አይከብድም። ይህ 3,000 ነው። የሳምንቱ እውነተኛ ጉድለት 500 ሆነ ማለት ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ ይህን ሁሉ ስቃይ ችለው በሳምንት የሚቀንሱት 65 ግራም ነው። የትኛውም የቤት ሚዛን ይህን አያሳይም።

ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ የሚበሉትን አላየሁም። እርስዎም ቢሆኑ በዓይን ግምት ብቻ ከሄዱ በትክክል አያውቁትም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ የሰው ልጅ ሁሉ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት «ትንሽ እየበላን አልቀንስ አልን» ያሉ ሰዎችን በላቦራቶሪ ሲለካ፣ የበሉትን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው፣ የተንቀሳቀሱትን ደግሞ በ51 በመቶ አግንነው ሲናገሩ ተገኙ። ሜታቦሊዝማቸው፣ ማለትም ሰውነታቸው ጉልበት የሚያቃጥልበት ሂደት፣ ጤነኛ ነበር። ዋሽተው አልነበረም፤ የራሳቸውን ግምት ከልብ አምነውት ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት በእርስዎ ቀን ውስጥ ተደብቆ ያለ ነው። የተራበ ሰው ሳያውቀው መንቀሳቀስ ይቀንሳል። ደረጃውን ትቶ ሊፍት ይይዛል፣ ቁጭ ብሎ ያወራል፣ ልጆቹን ተነሥቶ ከመያዝ ካለበት ይጠራቸዋል። ይህ ጥቃቅን እንቅስቃሴ ተራ ነገር እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት 16 ፈቃደኞች ለስምንት ሳምንታት በየቀኑ 1,000 ካሎሪ ትርፍ እንዲበሉ ተደረገ። አንዱ የጨመረው ስብ ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላም፤ ሌላው ከ4 ኪሎ በላይ ጨመረ። ልዩነቱን በዋናነት ያመጣው ከስፖርት ውጭ የሚደረገው መቁነጥነጥ፣ መቆምና ወዲያ ወዲህ ማለት ነበር። በአንጻሩ የትሬድሚል አንድ ሰዓት እርምጃ፣ ቁጭ ብለው ቢውሉ ከሚያቃጥሉት በላይ የሚጨምርልዎት 200 ካሎሪ ገደማ ነው። ይህ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያነሰ ነው። ማሽኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል፤ አይመኑት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተራምደው በድካምና በረሃብ ቀኑን ሙሉ ከተቀመጡ ትርፉ ተመልሶ ሄደ።

«ሜታቦሊዝምሽ ሞቷል» ያሉዎት ሰዎች በቅንነት ብለውት ይሆናል፤ ነገሩ ግን ስህተት ነው። ሜታቦሊዝሙ የሞተ ሰው በሕይወት የለም። ይቀንሳል ወይ ከተባለ፣ አዎ ይቀንሳል። ትንሽ አካል ትንሽ ነዳጅ ይበቃዋል፤ ከዚያም አልፎ ሰውነት በረሃብ ጊዜ ተጨማሪ ቁጠባ ያደርጋል። በዚህ ላይ እስከ ዛሬ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ከባዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በሚኒሶታ የተደረገው ነው። ተመራማሪው አንሴል ኪስ 36 ወጣት ፈቃደኞችን ለ24 ሳምንታት በግማሽ ረሃብ አቆያቸው። የሰውነታቸውን ሩብ ያህል አጡ። በዕረፍት ላይ የሚያቃጥሉት ጉልበት በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን መክሳታቸውን ቀጠሉ። ቁጠባው ፍጥነቱን ቢያዘገየውም አላስቆመውም። እርስዎ የቀነሱት 4 ኪሎ ነው፤ በዚህ መጠን የሚመጣው ተጨማሪ ቁጠባ በቀን ጥቂት አሥሮች፣ ቢበዛ መቶ ካሎሪ ቢሆን ነው።

የዚያ ሙከራ ሌላው ትምህርት ለእርስዎ ቅዳሜ ይጠቅማል። ሰዎቹ ቀንና ሌሊት ስለ ምግብ ብቻ ያስቡ ጀመር፤ ተበሳጩ፣ ተከዙ፣ እግራቸው በውሃ አበጠ። እገዳው ሲነሣላቸው ደግሞ ጠግበው መጥገባቸውን የማያውቁ ነበሩ። ስለዚህ ቅዳሜ የሚሆነው ነገር የጠባይ ድክመት አይደለም። አምስት ቀን የራበው አካል የሚሰጠው የታወቀ ምላሽ ነው። በጉልበት ሊያሸንፉት አይሞክሩ፤ ከሥሩ አምስቱን ቀን ያስተካክሉ።

በጣም ብዙ ኪሎ በፍጥነት ማውረድ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በቴሌቪዥን የክብደት ቅነሳ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎች በ30 ሳምንት በአማካይ 58 ኪሎ ያህል ቀንሰው ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ሲለኩ፣ አብዛኛው ክብደት ተመልሶ ሳለ እንኳ፣ ሰውነታቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ያቃጥል ነበር። የችኮላ ዋጋ ይህን ያህል ነው። ዕድሜዬ ነው ብለው ካሰቡም ይተዉት። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ6,400 በላይ ሰዎች የተለኩበት ጥናት ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ጊዜ የሰውነት የጉልበት ፍጆታ ከአካል መጠን ጋር ሲነጻጸር እንደማይቀንስ አሳይቷል።

ወደ ቦርጩ እንሂድ፤ ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያሠራል፤ ከላዩ ያለውን ስብ ለይቶ አያቀልጥም። ስብ ከተከማቸበት ሴል ወጥቶ በደም ውስጥ ይጓዛል፤ ያቃጠለው ጡንቻ የትም ይሁን የት፣ ስቡ የሚመጣው ከመላ አካል ነው። ከገንዳ አንዱን ጥግ ይዘው ውሃ ቢቀዱ ያ ጥግ ብቻ አይጎድልም። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ ጥናት ይህን በቴኒስ ተጫዋቾች አሳይቶታል። ለዓመታት ኳስ የመቱበት ክንድ ከሌላው ይወፍራል፤ ጡንቻ ነውና። ከቆዳው ሥር ያለው የስብ ውፍረት ግን በሁለቱም ክንዶች አንድ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ክንድ መምታት የዚያን ክንድ ስብ ለይቶ ካልቀነሰ 200 ሲት አፕም የሆድን አይቀንስም። የወጣው ስብ የት እንደሚሄድ ሰዎች ሲነገራቸው ይገረማሉ፦ 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፣ 1.6 ኪሎው ውሃ ይሆናል።

ከየት ቀድሞ እንደሚቀንስ የሚወስኑት ዘርና ሆርሞን ናቸው። በጉበትና በአንጀት ዙሪያ ያለው ጥልቁ ስብ ለስፖርት ቶሎ ምላሽ ይሰጣል፤ ለልብ በሽታና ለስኳር በሽታ ይበልጥ የሚያጋልጠውም እሱ ነው። በጣት የሚቆነጠጠው የታችኛው ሆድ ስብ ይዘገያል። ስለዚህ በመስታወት የሚታየው ነገር ገና ያው ሆኖ ሳለ ውስጡ ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ልጅ መውለድዎ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። በእርግዝና ጊዜ የግራና የቀኝ የሆድ ጡንቻዎች ከመሃል ይለያያሉ፤ አንዳንድ ሴት ላይ ከወሊድ በኋላም አይገጥሙም። እንዲህ ከሆነ ሆድ ስብ ሳይኖርበት እንኳ ወደፊት ይገፋል። ቤትዎ ሊፈትሹት ይችላሉ። ጉልበትዎን አጥፈው በጀርባዎ ይተኙ። ሁለት ጣትዎን እምብርትዎ ላይ በአግድም ያስቀምጡ። ከዚያ ጭንቅላትዎንና ትከሻዎን ብቻ በትንሹ ያንሡ። ጣቶችዎ በሁለት ጠንካራ ጠርዞች መሃል ወደ ውስጥ የሚሰጥሙ ከሆነና ክፍተቱ ከሁለት ጣት ከሰፋ፣ ወይም መሃሉ ላይ እንደ ሸንተረር የሚያብጥ ነገር ካዩ፣ ጡንቻው አልገጠመም። ያን ጊዜ ሲት አፕ ጥቅም የለውም፤ እብጠቱን ሊያባብሰውም ይችላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚያስተምርዎት የትንፋሽና የጥልቅ ሆድ ጡንቻ ልምምድ አለ። እንደ ኳስ የሚወጣና የሚገባ፣ በተለይ የሚያም እብጠት ካለ ደግሞ ኸርኒያ (የሆድ ዕቃ በጡንቻ ክፍተት መውጣት) ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ላስቲኩን በተመለከተ አጭር ነኝ። ላብ ስብ አይደለም፤ ውሃና ጨው ነው። አንድ ሊትር ቢያልብዎት ሚዛኑ አንድ ኪሎ ይወርዳል፤ ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው፤ ላስቲክ ደግሞ እንዳይተን ይከለክለዋል። ሆድ ላይ ብቻ ሲሆን አደጋው ሙሉ ልብስ የመልበስን ያህል ባይሆንም ጥቅሙ ዜሮ ነው፤ የሙሉው ልብስ አደጋ ደግሞ ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ሦስት ወጣት የኮሌጅ የትግል ስፖርተኞች በሙቀትና በላብ ኪሎ ለማውረድ ሲታገሉ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሕይወታቸው አልፏል። ከዚያ በኋላ በዚያ ስፖርት የላስቲክ ልብስ ታገደ።

በባዶ ሆድ መሥራቱን ከወደዱት ይቀጥሉበት፤ ካልወደዱት ይተዉት። በሰዓቱ ከስብ የሚቃጠለው ድርሻ ከፍ ይላል፤ ሰውነት ግን በቀሪው ቀን ያካክሰዋል። በጠቅላላ የሚበሉት መጠን እኩል ከሆነ በመጨረሻው ውጤት ላይ ልዩነት አልታየም። ክብደት በሚያነሱበት ቀን ግን ትንሽ ነገር ቀምሰው ቢሄዱ ጉልበት ይኖርዎታል።

አሁን ለፈሩት ነገር። ክብደት ማንሳት ሴትን ወንድ አያስመስልም። ትልልቅ ጡንቻ ለመገንባት ዋናውን ድርሻ የሚይዘው ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን በአዋቂ ወንድ ደም ውስጥ ከሴት ከ10 እጥፍ በላይ ነው። እርስዎ የሚያዩዋቸው ግዙፍ ጡንቻ ያላቸው ሴቶች ለዓመታት በዚያ ላይ ብቻ የሠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ሆርሞን ወስደው ነው። በስህተት እዚያ የደረሰ ሰው የለም። ጡንቻም ወደ ስብ አይቀየርም፤ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ሴሎች ናቸው። ስፖርት ያቆመ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፣ እንደ ድሮው እየበላ ስለሚቀጥል ስቡ ይጨምራል። ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ስለሚሆኑ ነው አንዱ ወደ ሌላው የተቀየረ የሚመስለው።

እንዲያውም ሊፈሩት የሚገባው ተቃራኒውን ነው። ክብደት ሳያነሳና ፕሮቲን ሳይበላ የሚራብ ሰው ከሚቀንሰው ኪሎ ሩብ ያህሉን ከጡንቻና ከመሰል አካላት ሊያጣ ይችላል። ኪሎው ሲመለስ ደግሞ በብዛት ስብ ሆኖ ነው የሚመለሰው። አሁን የያዙት መንገድ ወደዚያ ነው የሚወስደው።

ስለዚህ ለ12 ሳምንታት እንዲህ ያድርጉ። በቀን 1,650 ካሎሪ አካባቢ ይብሉ፤ ሰኞም ቅዳሜም። በሦስት ጊዜ ይከፋፍሉት። በእያንዳንዱ ገበታ ላይ መጀመሪያ የሚያስቡት ፕሮቲን ይሁን፤ በቀን ከ100 እስከ 115 ግራም ይበቃዎታል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ሥጋ 30 ግራም ያህል ይሰጣል። ፕሮቲን ያጠግባል፣ ጡንቻን ይጠብቃል፤ ከሚሰጠው ጉልበት ከ20 እስከ 30 በመቶው ደግሞ ራሱን ለመፍጨት ይውላል። የኩላሊት ሕመም ካለብዎት ግን ይህን መጠን ያለ ሐኪም ምክር አይጀምሩ። ዘይትን በማንኪያ ይለኩ፤ በግምት ሲፈስ ነው ስሌቱ ሁሉ የሚበላሸው። ለሁለት ሳምንት ያህል የሚበሉትን በግራም መዝነው ይጻፉት። ከዚያ በኋላ ዓይንዎ ይለምዳል፣ መመዘኑን ይተዉታል። ቁጥሩ ጭንቀት ከሆነብዎት ግን ከዚያም በፊት ያቁሙት።

በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት ያንሱ። ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ከመሬት ማንሳት፣ ወደ ራስ መሳብ፣ ወደፊት መግፋት፦ እነዚህ አራቱ መላ አካልን ያዳርሳሉ። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር። የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች ሊያታግሉዎት ይገባል፤ እየሳቁ ከጨረሱት ክብደቱ ቀሏል ማለት ነው። ሲለመድ ጥቂት ይጨምሩ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አያያዙን የሚያርምልዎት አሠልጣኝ ቢኖር ገንዘብዎን በዚያ ላይ ያውሉ እላለሁ። የሆድ ጡንቻ መከፈቱን ካገኙ ደግሞ ከባዱን ከመጀመርዎ በፊት ፊዚዮቴራፒውን ያስቀድሙ። በማግስቱ ሰውነትዎን ቢያምዎት፣ ጡንቻ ሲሠራ የሚያመነጨው ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ አይደለም፤ እሱ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይጠረጋል። ያልለመደ ጡንቻ ላይ የደረሰ ጥቃቅን ጉዳት ነው፤ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። የትሬድሚሉን አንድ ሰዓት ወደ 30 ደቂቃ ያሳጥሩት፤ የቀረውን እርምጃ በቀኑ ውስጥ በታትነው ይራመዱት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ልምምድ ነው። ይህ ዕቅድ በደንብ ይሸፍነዋል።

እንቅልፍን አልጠየቁኝም፤ ግን የሁለት ልጆች እናት ስለሆኑ እጠይቅዎታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት አመጋገባቸው በእኩል የተቀነሰ ሰዎች አንድ ጊዜ በሌሊት ለ8 ሰዓት ተኩል፣ ሌላ ጊዜ ለ5 ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ተለኩ። የቀነሱት ኪሎ ተመሳሳይ ነበር። እንቅልፍ ሲጎድል ግን ከስብ የመጣው ድርሻ በ55 በመቶ አነሰ፤ ቀሪው ከጡንቻና ከመሰል አካላት ነው የሄደው። ለስፖርቱ ሲሉ ሌሊት 10 ሰዓት የሚነሡ ከሆነ ያን አንድ ሰዓት ቢተኙበት ይሻላል።

ሚዛን ላይ በየቀኑ አይጨነቁ። በሳምንት ሦስት አራት ጠዋት ከሽንት በኋላ ይመዘኑና አማካዩን ብቻ ያለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ካሳየው ጋር ያስተያዩ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወገብን መለካት ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይውሰዱ። የመጨረሻው የጎን አጥንትዎንና የዳሌ አጥንትዎን ጫፍ በጣት ይፈልጉ፤ ሜትሩ በሁለቱ መሃል ይዙር። ሆድዎን ወደ ውስጥ ሳይስቡ፣ ትንፋሽ ካወጡ በኋላ ያንብቡ። በሁለት ሳምንት አንዴ በቂ ነው። ጥሩው ግብ ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች መሆኑ ነው፤ ለእርስዎ ከ81 ሴንቲ ሜትር በታች ማለት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። እንደሚገባ መብላት ሲጀምሩ በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። ግላይኮጅኑና ውሃው ወደ ቦታቸው ተመለሱ ማለት ነው፤ ስብ አይደለም። ብዙ ሰው ደንግጦ ወደ ረሃቡ የሚመለሰው እዚህች ቀን ላይ ነው። እባክዎ አይመለሱ። ከዚያ በኋላ በወር ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ቢወርዱ በጣም ጥሩ ነው። በሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሚያወርድ ማንኛውም ዘዴ የሐሞት ጠጠር የመያዝ ዕድልን ጭምር ይጨምራል።

ገደቡንም ልንገርዎት። በ12 ሳምንት የታችኛው ሆድ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ በወሊድ የተለጠጠ ቆዳንም ስፖርት አይሰበስበውም። የሚጠብቁት ነገር ወገብ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ ከመሬት የሚያነሱት ክብደት ላይ ግልጽ ጭማሪና መደበኛ የወር አበባ ይሁን። የወር አበባው ከተመለሰና ሚዛኑ ግን ከ12ኛው ሳምንት በኋላም ካልተንቀሳቀሰ፣ ያን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ካሎሪ መቀነስ ወይም እርምጃውን መጨመር ይቻላል። ካልተመለሰ ግን አንድም ካሎሪ አይቀንሱም። ስፖርት ሲሠሩ ደረትዎ ላይ መጫን፣ ራስ መሳት ወይም ያልተለመደ የልብ ምት ከተሰማዎት ወዲያው ያቁሙና በዚያው ቀን ይታዩ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አመጋገቡን ከመቀየርዎ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ መጠኑ ካልተስተካከለ ስኳርዎ በድንገት ሊወርድ ይችላል።